ካርታው በእጅ፣ መሬቱ በሕልም

«መሬት ለገበሬው ይሰጠው፤ ይሽጠው፣ ይለውጠው፣ በባንክ ያስይዘው» ባዩ በአንድ በኩል፣ «ኧረ ወዲያ! ገበሬ መሬቱን ከሸጠ ነገ ከተማ ገብቶ ለማኝ ነው፤ መንግሥት ይያዝለት» ባዩ በሌላ በኩል ተፋጠው ከቆሙ ስንት ዓመታቸው! የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ ነው ብሎ ከደነገገ ወዲህ እንኳ ሠላሳ ዓመት አለፈ። ክርክሩ ግን ያው ነው። ሁለቱም ወገን «ቢሸጥ ኖሮ እንዲህ ይሆን ነበር» እያለ ያልሆነ ነገር ይተነብያል። ጠንቋይ ቤት ደርሶ የመጣ ይመስል!

ለመሆኑ መሬቱን መሸጥ መለወጥ የተፈቀደለት፣ ካርታ በስሙ የሚወጣለት፣ እንደኛው በትንሽ ማሳ ላይ የሚፍጨረጨር፣ እንደኛው ልጆቹ በሰልፍ ቆመው ውርስ የሚጠብቁት ገበሬ በዓለም ላይ የለም ወይ? አለ እንጂ! ኢንዶኔዢያ ውስጥ፣ ጃቫ በምትባለው ደሴት ላይ አለ። ስልሳ ዓመት ከዘለቀው ኑሮው ደግሞ ሁለቱም ተከራካሪዎች ደስ የማይላቸውን እውነት እናገኛለን። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና እስቲ ከመጀመሪያው እንነሣ። (የጃቫ ነገር ሲነሣ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

ደሴቷና ሕዝቧ

ጃቫ በስፋቷ የኢትዮጵያን ስምንት አንድ እጅ እንኳ አትሞላም። በ2020 በተደረገው ቆጠራ ግን ከ151 ሚሊዮን በላይ ሰው ተቆጠረባት። ከኢንዶኔዢያ ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከአገሪቱ መሬት ሰባት በመቶ ገደማ በሆነች በዚህች ደሴት ላይ ተፋፍጎ ይኖራል ማለት ነው። እንዴት ቻለችው? እሳተ ገሞራው የሚያቃጥል ብቻ ሳይሆን የሚያዳብርም ስለሆነ ነው። አመዱ ለአፈሩ ማዳበሪያ ሆኖታል፤ ውሃው በቦይ ከተራራ እየወረደ በእርከን የተደረደረውን የሩዝ ማሳ ያጠጣል፤ መስኖ ያለው ገበሬ በዓመት ሁለቴ፣ ሲቀናው ሦስቴ ያጭዳል።

መንደሩን ላየው ያምራል። ቤቶቹ ተጠጋግተው ይሠራሉ፤ በየጓሮው ኮኮነት፣ ሙዝ፣ ካሳቫ፣ አልፎ አልፎም የዶሮ ቆጥና የፍየል በረት አይጠፋም። ዙሪያውን አረንጓዴ ማሳ ነው። በ2014 ከወጣው የመንደር አስተዳደር ሕግ በኋላ፣ ከ2015 ጀምሮ መንግሥት ለየመንደሩ በጀት በቀጥታ ስለሚልክ ውስጥ ለውስጥ መንገዱ ሳይቀር በሲሚንቶ የተለሰነ መንደር ብዙ ነው። ፎቶግራፍ ለሚያነሣው ቱሪስት ገነት ነው። ፎቶው የማያሳየው ግን የማሳውን ድንበር ነው። ድንበሩን ቆሞ የቆጠረ ሰው «ይቺ ብቻ ናት እንዴ?» ማለቱ አይቀርም።

ሕግ ወጣ፤ ደም ፈሰሰ

የጃቫ ገበሬ ጌታ ያልተፈራረቀበት ጊዜ የለም። ሆላንዶች በ1830 ባመጡት አሠራር መንደሩ ከመሬቱ አምስት አንዱን እጅ ለቡና፣ ለሸንኮራ፣ ለኢንዲጎ እንዲያውል ተገደደ። በተግባርማ ብዙ ቦታ ከዚያም በላይ ተወሰደበት፤ ገንዘቡ አምስተርዳምን ሲያስጌጥ ጃቫ ውስጥ ሰው በረሀብ ረገፈ። በ1870 ደግሞ «የኔ ነው» ብሎ ማስረዳት ያልተቻለ መሬት ሁሉ የመንግሥት ነው የሚል አዋጅ ታወጀ።

ነፃነት ከመጣ በኋላ፣ በሱካርኖ ዘመን፣ ሴፕቴምበር 24 ቀን 1960 የመሬት ሕግ ወጣ። ዛሬም የሚሠራበት ይኸው ሕግ ነው። ለኢንዶኔዢያ ዜጋ ሙሉ የባለቤትነት መብት ይሰጣል፤ ይሸጣል፣ ያወርሳል፣ በዋስትና ያስይዛል። የውጭ አገር ሰው ይህን መብት አያገኝም። በዚያው ዓመት የወጡት ሌሎች ድንጋጌዎች ደግሞ ለኛ ጆሮ እንግዳ አይደሉም። ሰው በጣም በተፋፈገበት አገር የመስኖ ሩዝ መሬት ከ5 ሄክታር በላይ መያዝ ተከለከለ። ለእያንዳንዱ ገበሬ ቤተሰብ ቢያንስ 2 ሄክታር እንዲደርሰው ታቀደ። የእኩል አራሹ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ታዘዘ። ወለድ አግድ የተያዘ መሬት ሰባት ዓመት ከሞላው ያለ ምንም ክፍያ ለባለቤቱ እንዲመለስ ተደነገገ። እንዴት ያለ ሕግ ነው! አባቶቻችን በወለድ አግድ መሬታቸው የቀረው ስንቶች ነበሩ?

ሕጉ ወረቀት ላይ አማረ፤ ማሳው ላይ ሲደርስ ግን ባለመሬቱ አሻፈረኝ አለ። በስም ዘመድ አከፋፈለ፣ ለመስጊድ ሰጠሁ አለ፣ ሹሙን ያዘ። ከ1963 ወዲህ ከኮሚኒስት ፓርቲው ጋር የተሰለፈው የገበሬ ማኅበር «ሕጉን ካልፈጸማችሁ ራሳችን እንፈጽመዋለን» ብሎ ማሳ መያዝ ጀመረ። ጠብ ሆነ። በ1965 መጨረሻና በ1966 ወታደሩ ሥልጣን ሲጨብጥ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ታረደ፤ መካከለኛውና ምሥራቁ ጃቫ ደግሞ ዋነኛው ቄራ ነበር። ከዚያ በኋላ በጄኔራል ሱሃርቶ ዘመን «መሬት ይከፋፈል» ያለ ገበሬ ኮሚኒስት ተብሎ የመፈረጅ ዕጣ ይጠብቀው ስለነበር አፉን ዘጋ። ሕጉ አልተሻረም፤ ግን ተቀበረ። ሕግ ሳይሻር የሚሞትበት አገር ኢትዮጵያ ብቻ አይደለችም፣ ወገኖቼ!

የውርስ ሒሳብ

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ኢንዶኔዢያ ውስጥ ከግማሽ ሄክታር በታች መሬት ያለውን ገበሬ «ጉሬም» ይሉታል። በ2013 በተደረገው የግብርና ቆጠራ በመላ አገሪቱ ጉሬም የሆነው ቤተሰብ ከ14 ሚሊዮን በላይ ነበር። በ2023 ሲቆጠር ከ16 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ይኸውም ከገበሬው ቤተሰብ ስድሳ በመቶ በላይ ነው። የዚህ ሁሉ ጉሬም ዋና መናኸሪያ ደግሞ ጃቫ ናት። በ1960 ለእያንዳንዱ 2 ሄክታር ተብሎ ነበር፤ ዛሬ ለአብዛኛው ግማሿ ሄክታር እንኳ ሕልም ናት።

ማን ወሰደው? ብዙውን የወሰደው ውርስ ነው። የጃቫ ወግ ወይ ለወንድም ለሴትም እኩል ያካፍላል፣ ወይም «ወንድ በትከሻው ሁለት ሸክም፣ ሴት በጀርባዋ አንድ ሸክም» በሚለው አባባል ለወንዱ እጥፍ ይሰጣል። አንድ ሄክታር የነበረው አባት ለአራት ልጆች ቢያካፍል ሩብ ሩብ ሄክታር ይደርሳቸዋል። እነዚያ ደግሞ ሦስት ሦስት ቢወልዱ ለልጅ ልጅ የሚደርሰው ስምንት መቶ ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ግቢ ነው እንጂ እርሻ አይባልም!

ሩብ ሄክታር ያለውን እድለኛ እንያዝ። በሄክታር 5 ቶን ተኩል ያህል ያልተፈተገ ሩዝ ቢያገኝ፣ ከሩብ ሄክታሩ 14 ኩንታል አይሞላም። መንግሥት ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በኪሎ 6,500 ሩፒያ ይገዛ ብሏል። በዓመት ሁለቴ ቢያመርት ጠቅላላ ገቢው ወደ 18 ሚሊዮን ሩፒያ፣ በወር ሲካፈል አንድ ሚሊዮን ተኩል ገደማ ነው። ያውም የማዳበሪያ፣ የዘር፣ የትራክተር ኪራይና የአጫጅ ወጪ ሳይቀነስ። በዚያው ዓመት በመካከለኛው ጃቫ ክፍለ ሀገር የተወሰነው ዝቅተኛ የወር ደመወዝ ከ2.1 ሚሊዮን ሩፒያ በላይ ነው። ፋብሪካ በር ላይ ቆሞ ሸቀጥ የሚጭነው ልጅ ባለመሬቱን አባቱን ይበልጠዋል ማለት ነው። ታዲያ ልጁ ምን ሲል ማረሻ ይጨብጥ? በማሳው ላይ የቀሩት አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ከአርባ የዘለለ የሆነው በዋዛ አይደለም።

መሬት የሌለውስ? የሰው ማሳ የእኩል ያርሳል፣ ወይም ለሲሶ ያርሳል፣ ወይም በቀን ሥራ ይውላል። የመንደሩ ሹም ደግሞ በደመወዝ ፋንታ የሚያርሰው ወይም የሚያከራየው መሬት አለው። «ቤንግኮክ» ይሉታል፤ በኛ በጥንቱ ቋንቋ ማደሪያ መሆኑ ነው። ለዚህም ነው የመንደር ሹመት ምርጫ ሲመጣ ገንዘብ እንደ ውሃ የሚፈሰው።

ምርቱ አደገ፤ ማን በላው?

«መሬቱ ባይጨምር ምርቱ ይጨምራል» ይሉናል ሊቃውንቱ። እውነት ነው፣ ጨምሯል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ፀረ ተባይና የመንግሥት ብድር ወደ ጃቫ ጎረፈ። በ1984 ኢንዶኔዢያ በሩዝ ራሴን ቻልኩ አለች። በ1985 ሱሃርቶ ሮም ድረስ ሄደው በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ጉባኤ ላይ ተጨበጨበላቸው።

ጭብጨባው ሲያበቃ መንደሩ ውስጥ ምን ሆነ? ቀድሞ አዝመራ ሲደርስ የመንደሩ ሴቶች ሁሉ በመዳፍ በምትያዝ ትንሽ ቢላ ዛላ ዛላውን እየቆረጡ ያጭዱ ነበር፤ ያጨደች ሁሉ ካጨደችው ድርሻዋን ይዛ ትሄዳለች። መሬት የሌላት መበለት እንኳ ከአዝመራው አትጎድልም። አዲሱ ዘር መጣ፣ ማጭድ ተከተለ። ባለመሬቱ አዝመራውን ገና በማሳው ላይ ቆሞ ሳለ ለነጋዴ መሸጥ ለመደ፤ ነጋዴው የራሱን ጥቂት አጫጆች በመኪና ጭኖ ይመጣል። የሩዝ መፈተጊያ ወፍጮ ሲገባ ደግሞ በሙቀጫ ወቅጠው የሚያድሩት ሴቶች ሥራ አጡ። ሙቀጫ ይሻላል የሚል የለም፤ ወገብ ይቆርጣል። ግን ሙቀጫውን የነጠቀ ሰው ምትኩን መስጠት ነበረበት። ሩዙ አደገ፤ የደሀዋ ድርሻ ግን አነሰ።

ሰፈራም ተሞክሯል! ሆላንዶች በ1905 የጀመሩትን ሱሃርቶ አስፋፍተው በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ከጃቫና ከአካባቢዋ ወደ ሱማትራ፣ ካሊማንታንና ፓፑዋ አጓጉዘዋል። ሁለት ሄክታር ትሰጣላችሁ ተባሉ። አንዳንዱ ቀናው፤ አንዳንዱ ዱር ውስጥ ተጥሎ ቀረ፤ ብዙ ቦታም ከነባሩ ሕዝብ ጋር ተጋጨ። ጃቫ ግን አልቀለላትም።

ቤቱን የሠራችው ዓረብ አገር ያለችው ናት

በምሥራቅና በመካከለኛው ጃቫ መንደሮች ስታልፉ ከጎጆዎች መሐል ብቅ ያለ፣ በሴራሚክ የተለበጠ፣ ባለ ዓምድ ቤት ታያላችሁ። የማን ነው ብትሉ የሩዝ ገበሬ አይደለም። ሳውዲ፣ ማሌዢያ፣ ሆንግ ኮንግ ወይም ታይዋን ሄዳ ሰው ቤት የሠራች ልጅ ነው። ለደላላው የተከፈለው ብር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው መሬቱን ወለድ አግድ በማስያዝ ነው።

እዚህ ላይ የእነሱ ታሪክ ከኛው ታሪክ ጋር ይገጥማል። በጁን 2011 አንዲት ኢንዶኔዢያዊት የቤት ሠራተኛ አሠሪዋን ገድላለች ተብላ ሳውዲ ዓረቢያ ውስጥ በሰይፍ ተቀላች። የኢንዶኔዢያ መንግሥት ሠራተኛ መላክ አቆመ፤ ሳውዲም በፊናዋ ለኢንዶኔዢያና ለፊሊፒንስ የቤት ሠራተኞች ፈቃድ መስጠት አቆመች። ክፍት የቀረውን ኩሽና ማን ሞላው? የወሎ፣ የጅማ፣ የአርሲ ልጆች ናቸው! በዚያ ሰሞን ወደ ሳውዲ የሚሄዱት እህቶቻችን ቁጥር እንዴት እንደተተኮሰ፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ ሺሕ በላይ ወገን እንዴት ተጠርዞ እንደተመለሰ የረሳ የለም። የጃቫዋ ልጅ ካርታ ካለው ቤት ነው የወጣችው፤ የኛዋ ካርታ ከሌለው። በአንዱ ኩሽና በር ተገናኙ። «ካርታ ካለ ስደት የለም» ለሚል ሰው ይህን ብቻ ማሳየት ይበቃል።

ካርታው ትምህርት ቤት ገባ

ከ2017 ጀምሮ የጆኮ ዊዶዶ መንግሥት መንደር ለመንደር እየዞረ መሬት መመዝገብና የባለቤትነት ሰርተፍኬት ማደል ጀመረ። ቀድሞ በመላ አገሪቱ አሉ ከተባሉት 126 ሚሊዮን ገደማ ይዞታዎች ሰርተፍኬት የነበራቸው 46 ሚሊዮኑ ብቻ ነበሩ፤ በ2024 የተመዘገበው ከመቶ ሚሊዮን አልፏል። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ሊመሰገን ይገባዋል። ድንበርተኛ ከድንበርተኛ፣ ወንድም ከወንድም የሚካሰስበትን ስንት ነገር ይቀንሳል!

ኢንዶኔዢያውያን ሰርተፍኬቱ ባንክ ሲያዝ «ትምህርት ቤት ላክነው» ብለው ይቀልዳሉ። ተምሮ ሲመለስ ጥሩ ነው። ብድሩ ላም ገዝቶ፣ ሱቅ ከፍቶ ከከፈለ ተመረቀ። ለሠርግና ለሕክምና ከዋለ ግን ካርታው እዚያው ትምህርት ቤት ይቀራል፤ መሬቱም ይከተለዋል።

አንዱ መንደር በአንድ ወር ባለጸጋ የሆነበትን ጉድ ደግሞ ስሙ። ምሥራቅ ጃቫ፣ ቱባን ውስጥ ሱሙርጌነንግ በሚባል መንደር የመንግሥት የነዳጅ ኩባንያ ፐርታሚና ለማጣሪያ የሚሆን መሬት ገዛ። ገበሬው በቢሊዮን የሚቆጠር ሩፒያ ተቀበለ። በፌብሯሪ 2021 ከ170 በላይ አዳዲስ መኪኖች ወደዚያች መንደር ሲጫኑ የሚያሳየው ፊልም ዓለምን አሳቀ፤ መንዳት የማይችለው ሁሉ ገዝቷልና። ዓመት ሳይሞላ፣ በ2022 መጀመሪያ፣ ከመንደርተኛው አንዳንዱ «ቃል የተገባልን ሥራ የት አለ?» ብሎ ሰልፍ ወጣ፤ ለቀለብ ሲል ላሞቹን የሸጠም ተገኘ። ማጣሪያው እስከ 2024 ድረስ እንኳ ነዳጅ ማጣራት አልጀመረም ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። መሣቅ ግን አይገባም። ዕድሜውን ሁሉ ማረስ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ገንዘብ ሰጥቶ መሬቱን መውሰድ፣ እጁን ቆርጦ የወርቅ ቀለበት እንደመስጠት ነው።

እነዚህ እንኳ ተከፈላቸው። ሬምባንግ አጠገብ በኬንደንግ ተራሮች የሲሚንቶ ፋብሪካ ውሃችንን ያደርቃል ያሉ ገበሬ ሴቶች በኤፕሪል 2016 ጃካርታ ሄደው፣ ቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት እግራቸውን በሲሚንቶ ሳጥን ውስጥ አስለስነው ተቀመጡ። በዚያው ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደላቸው። የክፍለ ሀገሩ ገዥ ግን በ2017 አዲስ ፈቃድ ጻፉ! ሴቶቹ ተመልሰው እግራቸውን አስለሰኑ፤ በዚያ ተቃውሞ መሐል አንዷ ሕይወቷ አለፈ። በዋዳስ መንደርም «ለግድብ የሚሆን ድንጋይ ከመሬታችን አይወጣም» ያሉ ገበሬዎችን በፌብሯሪ 2022 ፖሊስ ከቀያሾች ጋር ገብቶ ከስልሳ በላይ ሰው አፍሶ ወሰደ፤ ኋላ ለቀቃቸው።

በ2025 ደግሞ የፓቲ አውራጃ ሹም የመሬትና የቤት ግብር እስከ 250 በመቶ ይጨመር አሉ። «ሃምሳ ሺሕ ሰው ቢወጣም አልመለስም» ዓይነት ፉከራም ጨመሩበት። ሕዝቡም በኦገስት ወጣላቸው! ጭማሪው ተሰረዘ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

ታዲያ ማን ረታ?

«መሬት ከተሸጠ ገበሬው ባንድ ጀንበር ይነቀላል» የሚለው የኢሕአዴግ የዘመናት ስብከት ጃቫ ላይ አልሠራም። ስልሳ ዓመት ሙሉ መሸጥ እየቻለ ሚሊዮኑ ገበሬ ቁራሽ ማሳውን ሙጭጭ ብሎ ይዟል። ቸግሮት የሸጠ የለም አይባልም፤ አለ። ግን መንደርን እንዳለ የሚያስነሣው ብዙ ጊዜ ጎረቤት ገዢ ሳይሆን በመንግሥት ማኅተም የመጣው ፕሮጀክት ነው። እኛ ዘንድም በአዲስ አበባ ዙሪያ ከማሳው የተነሣውን ገበሬ ያስነሣው የግል ገበያ አልነበረም፤ ጠባቂህ ነኝ ያለው መንግሥት ራሱ ነው። በሬ ካራጁ ይውላል!

«ካርታ ይሰጠው እንጂ ሌላው ራሱ ይመጣል» የሚለው የኛ ወገን ስብከትም አልሠራም። ካርታ መሬት አይወልድም። ካርታ ለልጅ ሥራ አይፈጥርም። ፍርድ ቤት የፈረደውን ሹም በብዕር ጫፍ በሚሽርበት አገር ካርታ ጋሻ አይሆንም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

ስለዚህ ይህ ጸሐፊ የሚለው ይህን ነው። ባለቤትነቱ ይሰጥ፤ ይህ መብት ነው፣ ድርድር የለውም። ነገር ግን ባለቤትነት ማለት መሸጥ መቻል ብቻ ሳይሆን «አልሸጥም» ብሎ በሰላም ቤት ማደር መቻልም ነው። ለዚህ ደግሞ ገበሬው ራሱ ያቋቋመው ማኅበር፣ ፍርዱ የማይሻር ዳኛ፣ የተደረገውን የሚያወራ ጋዜጣ ያስፈልጋል። ከማሳው ለሚተርፉት ልጆች ደግሞ በዚያው በአቅራቢያቸው፣ ደላላና ሰይፍ የሌለበት ሥራ ያስፈልጋል። የጃቫ ገበሬ የመጀመሪያውን በ1960 በሕግ አገኘ፤ ለቀሩት ዛሬም እየታገለ ነው። እኛ የመጀመሪያውን እንኳ ገና ስንከራከርበት አለን። የማሳው ድንበር ግን ክርክራችን እስኪያልቅ ቆሞ አይጠብቅም፤ በየውርሱ እየጠበበ ነው።